ፕሮባዮቲክ እየሰጣችሁ ዶሮዎቹ ካልተሻላቸው

መኖው የሻጋታ መርዝ እንዳለበት ታውቋል። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ፣ መስጠትም ጀምራችኋል። ኮክሲዲዮሲስ (በጥገኛ ተዋሲያን የሚመጣ የአንጀት በሽታ) አለመሆኑን አጣርታችኋል ብዬ ልነሳ።

ምልክት፦ ኩሱ አሁንም ውሃ ነው፣ ያልተፈጨ መኖም አለበት።

ምክንያት፦ ባክቴሪያው አንጀት ሳይደርስ አልቋል። በብዛት የማየው ይህንን ነው፤ ገዳዩም በቧንቧ ውሃና በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። ላክቶባሲለስ የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሞቶም ቢሆን አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ በመጠኑ ይይዛል። አንጀት ውስጥ ተራብቶ ጎጂዎቹን ቦታ የሚያሳጣው ግን በሕይወት ያለው ብቻ ነው።

አንድ አርቢ «የፕሮባዮቲክ ዱቄቱ አይረባም» እያለ ብራንድ ሲቀያይር ከረመ። ሄጄ ሳይ ሠራተኛው መጠጫውን በበረኪና ያጥባል፣ ሳያለቀልቅ ዱቄቱን እዚያው ይበጠብጣል። ሌላዋ የጉድጓድ ውሃ ነው የምትጠቀመው፤ ክሎሪን የለውም። እሷ ደግሞ አንቲባዮቲክ በዚያው ባልዲ ትጨምራለች! ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒትና ባክቴሪያ አንድ ላይ አይሰጡም። በፍጹም።

መፍትሄ፦ የቧንቧ ውሃ ክዳን በሌለው ዕቃ ይደር፤ ክሎሪኑ ይተናል። ውሃው በክሎራሚን (ቶሎ በማይተን የክሎሪን ውህድ) የታከመ ከሆነ ማሳደር አይበቃም። ማሳደር ካልተመቻችሁ፣ ለክትባት እንደሚደረገው ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በሊትር 2.5 ግራም በጥብጡና ወተቱ ክሎሪኑን እስኪያከሽፍ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ባክቴሪያው ከዚያ በኋላ ይግባ። ወተት ያለበትን የውሃ መስመር በዚያው ቀን እጠቡት፣ አለበለዚያ ይደፈናል። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ። በጥቂት ሰዓት ጠጥተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ አዘጋጁ። ማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ስም፣ ብዛቱና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈ አትግዙት።

ምልክት፦ የሞተችው ዶሮ ጉበት ገርጥቷል፣ ቢጫ ሆኗል።

ምክንያት፦ አፍላቶክሲኑ ባክቴሪያው ከሚችለው በላይ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎችን የፈጀው ይኸው መርዝ ነው፤ የመጣውም በኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር።

መፍትሄ፦ መኖውን አስወግዱ። መቁላት መርዙን አያጠፋውም። ከደህናው ጋር ቀላቅላችሁ «ለማሳሳት» አትሞክሩ፤ ደህናውንም ታበላሻላችሁ። አዲሱን በቆሎ ከ13 በመቶ በታች እርጥበት ሳይደርቅ አታከማቹ።

አፍ ውስጥ ቁስል ካያችሁ ቲ-2 የተባለውን መርዝ ጠርጥሩና መኖ ቀይሩ። ላክቶባሲለስ እንክብል መኖ ሲሠራ በሙቀቱ ይሞታል፤ ለዚያ ሙቀት የሚችለውን የባሲለስ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚቆይ ሌላ ጠቃሚ ባክቴሪያ) ምረጡ።