በጀት በሚያጥርበት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤትን ገንዘብ ስለ ማስተዳደር

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ትምህርት ግን የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው። በወረዳ ትምህርት ቤቶች የሠራ ሰው የገንዘብ ችግሩ አንዱ ምንጭ ይኸው የጊዜ አለመጣጣም መሆኑን ያውቃል። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን በሐምሌ ቢያጸድቅም፣ ድልድሉ ተሠርቶ ገንዘቡ ለግዥ እስኪፈቀድ ድረስ ጥቅምት ሊገባ ይችላል፤ በዚህ መሐል ተማሪው ክፍል ገብቷል፣ ጠመኔውም እያለቀ ነው። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና እንዳይመለስ ሲባል መምህሩ ያልጠየቀው ዕቃ በጥድፊያ ይገዛል። ርእሰ መምህራን፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላትና ገንዘብ ያዦች በጠባብ ዓመት በቅድሚያ ሊይዙት የሚገባው ጉዳይ እንግዲህ ገንዘቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ወቅት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ሊያዝበት የሚችለውን ገንዘብ ከመለየት ነው። በመንግሥት የሂሳብ መደብ ደመወዝና ለሠራተኛ የሚከፈለው በ6100፣ ዕቃና አገልግሎት በ6200፣ ቋሚ ንብረትና ግንባታ በ6300 ይያዛል። አብዛኛው የትምህርት በጀት ደመወዝ ስለሆነና ደመወዝ ስለማይነካ፣ ወረዳው ሲያጥረው ቅነሳው የሚያርፈው 6200 ላይ ነው። ከጠቅላላው በጀት 5 በመቶ ተቀነሰ ሲባል ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከ100 ብር ውስጥ 90ው ደመወዝ ቢሆንና 5ቱ ብር በሙሉ ከቀሪው 10 ብር ቢወሰድ፣ ትምህርት ቤቱ የሥራ ማስኬጃውን ግማሽ አጣ ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ለበጀት ውይይት ወደ ወረዳው ሲሄድ ይህን ስሌት በራሱ ትምህርት ቤት አኃዝ ሠርቶ ቢይዝ ይበጃል፤ «በጀቱ አይበቃንም» የሚለውን አቤቱታ ሁሉም ትምህርት ቤት ስለሚያቀርበው ሰሚ አያገኝም።

ከመደበኛው በጀት ውጭ የተማሪ ቁጥርን መሠረት ያደረገው የትምህርት ቤት ድጎማ አለ። በአጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሥር ሲጀመር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለአንድ ተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 55 ብር ሆኖ ይታሰብ ነበር። ድጎማው በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ የምዝገባ መዝገቡ ራሱ የገንዘብ ሰነድ ነው። ዘግይተው የተመዘገቡ ልጆች ለወረዳው በሚላከው የትምህርት መረጃ ውስጥ ካልገቡ ትምህርት ቤቱ ሳያስበው ገንዘቡን ያጣል፤ ያቋረጡትን እንዳሉ አድርጎ የሚልክም በኦዲት ጊዜ መልስ ያጣል። ሦስተኛው ምንጭ የውስጥ ገቢ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የሚታጨድ ሣር፣ የሚሸጥ ባሕር ዛፍ፣ የሚከራይ አዳራሽ ወይም የሻይ ክበብ። የውስጥ ገቢ አነስተኛ ቢሆንም የወረዳውን ድልድል ሳይጠብቅ እጅ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሚያጋጥመው ክፍተት ቢቀመጥ ይመረጣል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ገቢው በተገኘበት ሳምንት ለበዓልና ለመስተንግዶ ያውሉታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍላጎትን በቁጥር ማስላት ነው፤ በእኔ አስተያየት በአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ገልብጦ 10 በመቶ መጨመር ዕቅድ አይባልም። 24 የመማሪያ ክፍሎችና 1,200 ተማሪዎች ያሉትን ትምህርት ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ ክፍል በቀን 5 ጠመኔ ቢፈጅ፣ ትምህርት ቤቱ በቀን 120፣ በ200 የትምህርት ቀናት ደግሞ 24,000 ጠመኔ ይፈልጋል፤ 100 የሚይዝ ፓኬት ከሆነ 240 ፓኬት ማለት ነው። የፈተና ወረቀትም እንዲሁ ይሰላል። 8 የትምህርት ዓይነቶች ለአንድ ተማሪ ሦስት ሦስት ቅጠል ቢወስዱ አንድ የሴሚስተር ፈተና 28,800 ቅጠል፣ ማለትም 58 ደስጣ ወረቀት (አንዱ ደስጣ 500 ቅጠል ነው) ይጨርሳል። ጥያቄዎቹ ተጠጋግተው ተጽፈው በሁለቱም ገጽ ሲባዙ በሁለት ቅጠል የሚያልቁ ከሆነ 39 ደስጣ ይበቃል፤ በሁለቱ ሴሚስተሮች 38 ደስጣ ይተርፋል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መምህራን ፈተናቸውን ከሳምንት በፊት አስገብተው አንድ ሰው እንዲያስተካክለው ማድረግ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ እንደ ወረቀትና የማባዣ ቀለም ያሉ፣ ዋጋቸው ከውጭ ገበያ ጋር የተያያዘ ዕቃዎችን ባለፈው ዓመት ዋጋ ማቀድ ራስን ማታለል ነው፤ ዕቅዱ በሚዘጋጅበት ሳምንት ከነጋዴዎች ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍላጎቱ ከታወቀ በኋላ ቅደም ተከተሉን ለመወሰን አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይህ ዕቃ ወይም አገልግሎት ቢቀር ነገ ጠዋት ትምህርት ይቋረጣል ወይ? ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ ውኃ፣ የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና (በተለይ ለሴት ተማሪዎች) እና የጥበቃ ሠራተኛ ከላይ ይቀመጣሉ። የቢሮ ወንበር፣ የግድግዳ ቀለምና ውሎ አበል ከታች ናቸው። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የሚያዘው ጥቂት ገንዘብ ድምፅ የሚያሰማለት ስለሌለ በቅድሚያ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በቃለ ጉባኤ ተለይቶ እንዲጠበቅ ማድረግ ተገቢ ነው።

ቁጠባ ሲባል ወጪን መከልከል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት የውኃ ሂሳቡ ለወራት ሲጨምር ተማሪ በዝቶ ነው ተብሎ ዝም ተብሎ ተከፈለ። በኋላ ዘበኛው ዓርብ ማታ ቧንቧዎቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ቆጣሪውን አንብቦ በደብተር ጻፈ፤ ሰኞ ጠዋት ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሲያነበው ቁጥሩ ሄዶ ነበር። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ መሬት ውስጥ የተሰበረ ቱቦ ተገኘ። ይህን ንባብ በወር አንድ ጊዜ ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የተሰበሩ ዴስኮችንም በዝናብ ከመከመር ይልቅ በክረምት ቆጥሮ፣ ብረቱ የተላቀቀውንና እንጨቱ የተሰበረውን ለይቶ ለበያጅና ለአናጺ በአንድ ውል መስጠት፣ በየጊዜው አንድ ሁለት እያሉ ከማስጠገን ይረክሳል። የማይጠገነው በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ተወግዶ በሐራጅ እንዲሸጥ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጊዜ ማመልከት ነው።

የወላጆች መዋጮ በጥንቃቄ የሚያዝ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትምህርት በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ መዋጮው በወላጆች ጉባኤ የተወሰነና በፈቃድ የሚሰጥ ሊሆን ይገባል፤ ባለመክፈሉ ምዝገባ የተከለከለ ወይም ከክፍል የተባረረ ልጅ ሊኖር አይገባም። ገንዘብ የሌለው ወላጅ በጉልበቱ፣ በድንጋይና በአሸዋ ማቅረብ ሊሳተፍ ይችላል፤ የሚያወጣው ግምትም ይመዝገብለት። ጥሬ ገንዘብ ሁሉ በሕጋዊ ደረሰኝ ተሰብስቦ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይግባ። በየሦስት ወሩ የገባው፣ የወጣውና የቀረው በአንድ ገጽ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ «ያለፈው የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግድግዳው ላይ ይገኛል።

በዓመቱ ውስጥ ገንዘብ ያዡና ርእሰ መምህሩ በየወሩ መጨረሻ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ የወጪ ርእስ የተፈቀደውን፣ የተከፈለውንና ውል የታሰረበትን ጎን ለጎን ሊያዩ ይገባል፤ ውል የታሰረበትን የማይቆጥር ሰው ያለው ገንዘብ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይታየዋል። በአንዱ ርእስ የሚተርፍ፣ በሌላው የሚጎድል ከታየ የበጀት ዝውውር ጥያቄው ከሚያዝያ ባይዘገይ መልካም ነው፤ በሰኔ የወረዳው ፑል ፋይናንስ (የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ በአንድነት የሚይዘው ክፍል) በክፍያ ተጨናንቆ ለደብዳቤ ጊዜ የለውም። በግንቦት በሠራተኞች እጅ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሁሉ ይወራረድ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱም ይቆጠር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ይህ ቆጠራ የሚያሳየው ጉድለት ይገዛበት፤ በምሳሌያችን ለመስከረምና ለጥቅምት ወደ 50 ፓኬት ጠመኔ ይበቃል። የሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) በግንቦት ተሰብስቦ ካለቀ፣ ዕቃው ከሰኔ 30 በፊት በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ፣ መስከረም ላይ ለየክፍሉ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይወጣል።