ለሱስ ተመላላሽ ህክምና ስትሄድ ምን ይጠብቅሃል

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ ታክሲ ወረፋ ላይ አገኘኝና ጠጋ ብሎ «ብሮ አንተ የሄድክበት ቦታ ያስተኛሉ እንዴ?» አለኝ። አልሳቅኩበትም፣ እኔም ያኔ እንደዛ ነበር የመሰለኝ፣ ፒጃማ አልብሰው በር ቆልፈው መርፌ የሚወጉኝ። ተመላላሽ እንደስሙ ነው፣ ትሄዳለህ፣ ታወራለህ፣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ፣ ስራህን እየሰራህ በቀጠሮህ ቀን ደሞ ብቅ ትላለህ። ሐኪም አይደለሁም፣ 11 አመት ጫት የቃምኩ፣ ማታ ማታ ደሞ ምርቃናውን ለመስበር በቢራ ጨብሲ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማወራው ታካሚ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ወዴት ይኬዳል ለሚለው፣ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም የሚያውቀው አማኑኤል ነው፣ ጳውሎስም የሱስ ህክምና አለ፣ ከዛ ውጪ ሳይካትሪ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፣ የግልም አለ። የመንግስት ከሆነ መጀመሪያ ቅርብህ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሪፈር አፅፍ፣ አለዚያ ግማሽ ቀን ተሰልፈህ ሊመልሱህ ይችላሉ። «አማኑኤል ገባ» ማለት እኛ ጋር አበደ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው በስሙ ብቻ ይቀራል፣ ግን እዛ ወረፋ ላይ የምታየው ከረባት ያደረገም አለ ልጇን ይዛ የመጣችም አለች። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ቦታ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ በመስኮቷ «የሱስ ነህ?» ብሎ ሲጮህ ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ያን ቀን ወጥቼ ሄድኩና ለመመለስ 4 ወር ፈጀብኝ። እንዲህ አይነት ነገር ከገጠመህ ተናደድ ግን ካርድህን አውጣ።

የመጀመሪያው ቀን ረዘም ይላል። የሚያገኝህ ሳይካትሪስት ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ሳይካትሪ ነርስ ወይ ሳይኮሎጂስት ነው (ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ማለት ይቻላል ማንም አይቆጣህም)። ጥያቄ ይበዛል። የአለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የሚባል 8 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ ሲጋራውን መጠጡን ሃሺሹን እያንዳንዱን ባለፉት 3 ወራት ምን ያህል ጊዜ እንደወሰድክ፣ ሰው ተው ብሎህ ያውቃል ወይ፣ ለማቆም ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል ወይ እያለ ይሄዳል። እንቅልፍህን፣ ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ህመም ካለ፣ ራስህን የማጥፋት ሃሳብ መጥቶብህ እንደሆነም ይጠይቁሃል፣ እኔን ምን አይተውብኝ ነው ብለህ አትደንግጥ የተለመደ ጥያቄ ነው። የደም ምርመራ ሊያዙልህም ይችላሉ፣ የምትጠጣ ከሆነ በተለይ ጉበትህን ማየት ይፈልጋሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን «አልፎ አልፎ ነው የምቅመው» ብዬ ዋሸሁ፣ ሲስተሯ ቀና ብላ ጥርሴን አየችና ምንም ሳትል ፃፈች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እዛ የሚሰጥህ «የምክር አገልግሎት» ይባላል፣ ስሙ ራሱ ግን ያሳስታል። እኛ ምክር ስንል ትልቅ ሰው አስቀምጦ «ልጄ ተው ይቅርብህ» የሚለውን ነው፣ እሱንማ ከእናቴም ከንስሃ አባቴም ጠግቤያለሁ፣ ምዬም ተገዝቼም አውቃለሁ ሳምንት አልቆየልኝም። እዛ ግን ተው ያለኝ ሰው የለም። ሁለተኛ ቀጠሮዬ ላይ ሲስተሯ ነጭ ወረቀት አወጣችና ከላይ እስከታች ሰዓት ፃፈች፣ 1 ሰዓት 2 ሰዓት እያለች እስከ ማታ 6፣ ከዛ እስክሪብቶውን ሰጠችኝና «ትናንትን ሙላልኝ» አለችኝ። ጠዋቱ ባዶ ነበር፣ ስራ ስራ ስራ። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ፣ 8 ሰዓት ላይ ሃራራ፣ ከዛ በኋላ ያለው ቀኔ በሙሉ በርጫ ነው፣ ለውዝ ኮካ ሲጋራ፣ ማታ ደሞ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ። «ከምሳ ቤት ስትወጣ በየት በኩል ነው የምትሄደው?» አለችኝ። በጫት ሱቁ በኩል ነዋ፣ ጫቱ የሚገባውም በዛው ሰዓት ነው። ትኩሱን የምናሳድደው ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፣ ካቲኖን የሚባለው ዋናው የሚያነቃቃው ነገር ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ይዳከማል። የመጀመሪያው የቤት ስራዬ እንግዲህ ጫት ማቆም አልነበረም፣ ለአንድ ሳምንት ምሳ ከቤት ቋጥሬ ቢሮ እንድበላ ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ከ7 ቀን 3ቱን ሳልቅም ዋልኩ።

ቀጠሮው መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ ነው፣ ከዛ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዛ በወር እያለ ይሰፋል፣ አንዱ ቁጭታ 45 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አንዳንዴ ሰው በዝቶ 20ም ይሆናል። በወጪ ደብተርህም ይመጣሉ፣ የሳምንቱን የጫት የሲጋራ የመጠጥ ሂሳብ ፃፍ ትባላለህ፣ ስትደምረው ከቤት ኪራይህ ሊበልጥ ይችላልና ተቀምጠህ ደምር።

ጫት ስታቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ ምግብ ይከፈታል፣ ሌሊት ዱካኩ (ቅዠቱ) አያስተኛህም፣ እየቀለለ ይሄዳል። መጠጥ ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ጋር ተጠንቀቅ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው፣ በተለይ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ በራሱ ወኔ ድንገት እንዳያቆም። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ አንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል፣ ይሄ ነገር ሰውን ሊገድል ይችላል። እንደዚህ ያለውን ተመላላሽ አያደርጉትም፣ አስተኝተው በመድሃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ያወርዱታል፣ ምክሩ ከዛ በኋላ ነው። ትራማዶል የሚባለውን የህመም ማስታገሻ የለመደም እንዲሁ በአንዴ አያቁም፣ ስንት እንደሚውጥ በትክክል ይናገር።

ፀበል የምትሄድ ከሆነም አትደብቃቸው። እኔ ሽንቁሩ ሚካኤል እየተመላለስኩ ነው ስላት ሲስተሯ ቅር አላላትም፣ የታዘዘልህ መድሃኒት ካለ እንዳታቋርጥ ብቻ አለችኝ።

ቤተሰብ አምጣ ይሉህ ይሆናል፣ ግዴታ አይደለም። ከእናቴ ጋር ከመግባቴ በፊት ምኑ እንዲነገራት ምኑ እንዳይነገራት ከሲስተሯ ጋር ተስማማን፣ አንተም እንደዛ አድርግ። እማዬ ገብታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፣ «እንደው የሚዋጥ ነገር የለውም?» ለጫት የለውም። እሷ በየማታው አይኔን እያየች «ቅመሃል?» ማለቷን እንድትተው ነበር የተነገራት፣ ለሷ ከኔ ጫት የባሰ ከበዳት።

ከዛ ትወድቃለህ። ላትወድቅም ትችላለህ ግን እኔ በ5ኛው ሳምንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለአዳር ቁጭ ብዬ ሳላስበው እጄ ወደ ጫቱ ሄደ። አፍሬ ሁለት ቀጠሮ ቀረሁ፣ ስልክም አላነሳሁም። በስተመጨረሻ ስሄድ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ «መቃምህ ሳይሆን መቅረትህ ነው ያሳሰበኝ» ብላ ያንኑ ነጭ ወረቀት አወጣችና የለቅሶውን ሌሊት በሰዓት በሰዓቱ ሞላን። ስለዚህ በቃምክ ማግስት ያለው ቀጠሮ እንዳያመልጥህ፣ ከሌሎቹ ሁሉ እሱ ላይ ነው ስራ የተሰራው። ደሞ ካውንስለርህ አልጥምህ ካለ ሌላ ሰው ቀይሩልኝ በል፣ አይከፋቸውም፣ ዝም ብለህ እንዳትቀር ብቻ።

ልጁ ታክሲ ሊገባ ሲል ሰኞ ከሰዓት እሄዳለሁ አለኝ። ጠዋት ሂድ አልኩት፣ ከሰዓት ካልከው 8 ሰዓት ይደርስብሃል።