ቆሞ የቀረ ተገጣጣሚ ሞዴል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አዳማ ውስጥ ያልተጨረሰ ተገጣጣሚ ሞዴል (ከፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም የአውሮፕላን ወይም የታንክ ትንሽ ቅጂ) ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሳጥኑን ያገኘው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሻንጣው ግን ሁሉንም አያመጣም። ተቀጣጣይ ሙጫ፣ የዘይት ቀለምና በግፊት የሚረጭ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣ ስለማይፈቀዱ ሳጥኑ ደረቁን ይደርሳል። ባለቤቱ ከሰፈር ሱቅ ባገኘው ሱፐር ግሉ ይጀምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፤ ክዳኑን ይከድናል። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ «ጊዜ አጣሁ» ይላል።

ይህን መልስ አላምነውም። ጊዜ ያጣ ሰው ሥራውን የትም ቦታ ላይ ሊያቆመው ይችላል። እኔ ያየኋቸው የቆሙ ሞዴሎች ግን የቆሙባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ የአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ቀፎ ከተጣበቀ በኋላ፣ መስታወቱ (የአብራሪው ክፍል ግልጽ ፕላስቲክ) ሊገጠም ሲል፣ የመጀመሪያው ቀለም በተቀባ ማግስት፣ ተለጣፊ ምስሎቹ ሊለጠፉ ሲሉ። ስለዚህ ሳጥኑን እንደከፈቱ መመሪያውን ይዘርጉና በመጨረሻ የተሠራውን ደረጃ ይፈልጉ። ያስቆመዎት ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። አዳማ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ጋራዡም የመኪና ቀለም መሸጫውም ሞልቷል፤ ሞዴል ሠሪ ከሚፈልገው ነገር አብዛኛው እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

የተጣበቀው ይለቃል፣ ክንፉ ይወድቃል

አንድ የጎረቤቴ ልጅ የሲ-47 ሞዴል ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይህ ክንፍ እኮ ሁለት ጊዜ አጣበቅሁት፣ ሁለቴም ወደቀ» አለኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነውና ልጁ ሊተወው አልፈለገም። ክንፉን ገልብጠን አየነው። የደረቀው ሱፐር ግሉ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ሆኖ ተነስቷል፤ ከቅርፊቱ ጀርባ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተላጦ ቀርቷል። ሙጫው ቀለሙን አጥብቆ ይዟል፤ ቀለሙ ግን ፕላስቲኩን ለቅቋል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በቀለም ላይ ማጣበቅ ነው። ሁለተኛው የሙጫው ዓይነት ነው። እነዚህ ሞዴሎች የሚሠሩት ፖሊስቲሪን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ትክክለኛው ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች ያዋህዳቸዋል። ሱፐር ግሉ ግን ከላይ ብቻ ይይዛል፤ ከጎን ለሚመጣ ግፊት ደካማ ነው፤ ሲሰነብትም ይሰባበራል።

መፍትሄው የቀረውን ሱፐር ግሉ በማስለቀቅ ይጀምራል። ክፍሉን በላስቲክ ጠቅልለው ለጥቂት ሰዓታት በረዶ ቤት ውስጥ ያኑሩት፤ ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ተሰባሪ ስለሚሆን በትንሽ ግፊት ይለቃል። ከዚያ ፕላስቲኩ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ሁለቱንም ፊት በምላጭ ይፋቁ። የሞዴል ሙጫ ከሌለዎት የመኪና ቀለም ማቅጠኛ ቲነር ፖሊስቲሪንን ያሟሟል። የቲነር ይዘት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ግን በመጀመሪያ ክፍሎቹን አቅፎ በመጣው ትርፍ ክፈፍ ላይ ይሞክሩት። ሁለቱን ክፍሎች ገጥመው ይዘው በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ ስንጥቁ ላይ ያስነኩ፤ ፈሳሹ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ለጥቂት ሰኮንዶች ይጫኑ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ አይንኩት። ጠብታው ከበዛ ክንፉ ይቀልጣል። መስኮት ይከፈት፤ የቡና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የቲነር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም።

የተረፈውን ክፈፍ አይጣሉት። ደቅቆ በትንሽ ቲነር ውስጥ በብርጭቆ ብልቃጥ ሲሟሟ ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መሙያ ይወጣዋል፤ ቀጭኑን ዘንግ ደግሞ ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርገው ሲለሰልስ በሁለት እጅ ቢስቡት ለአንቴና የሚሆን ክር ይሆንልዎታል።

መስታወቱ ጭጋግ ለብሷል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። የአብራሪው ክፍል በስንት ጥንቃቄ ተቀብቶ መስታወቱ ሲገጠም በማግስቱ ነጭ ጉም ይለብሳል። ያደረገው የሱፐር ግሉ እንፋሎት ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ በአቅራቢያው ባለው ንጹህ ገጽ ላይ ይሰፍራል።

ጭጋጉ ከውጭ በኩል ከሆነ ይድናል። ጋራዦች የመኪና ቀለም የሚያለሰልሱበትን በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 2000፣ ይጠቀሙ። እያረጠቡ በቀስታ ካሹት በኋላ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርገው ይወልውሉት፤ መጨረሻ ላይ አንድ እጅ ስስ ግልጽ ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀቡ። በመጀመሪያ ከበፊቱ የባሰ ይመስላል፤ አይደንግጡ። ጭጋጉ ከውስጥ ከሆነ ግን መስታወቱን ማንሳት ግድ ነው፤ እንደ ክንፉ በረዶ ቤት ያስገቡት።

ከዚህ በኋላ ለመስታወት የእንጨት ሠራተኞችን ነጭ ኮላ ብቻ ይጠቀሙ። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የጠፋ ጠፍጣፋ መስኮት ካለም ከአሮጌ የሲዲ ማስቀመጫ ክዳን ይቆረጣል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ግልጽ ፖሊስቲሪን ነው።

ክፍል ጠፍቷል፣ ወይም መመሪያው የለም

የመመሪያው ነገር ቀላል ነው፤ ታሚያ፣ ሬቬልና ኤርፊክስን የመሳሰሉት የታወቁ አምራቾች የብዙ ሞዴሎቻቸው መመሪያ በኢንተርኔት ይገኛል። የጠፋው ክፍል ጠፍጣፋ ከሆነ ከታቹ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር የታተመበት የፕላስቲክ ስኒ ወይም ክዳን ይፈልጉ። ያ ቁጥር ፖሊስቲሪን ማለት ነው፤ ይቆረጣል፣ በዚያው ሙጫም ይያዛል። ሌላ ቁጥር ያለው አይያዝም።

ክንፉ ወይም ቀፎው ጠምሟል

ሳጥኑ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመኪና ውስጥ ከርሞ ይሆናል። ፖሊስቲሪን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በታች ባለው ሙቀትም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ክብደት ከተጫነው ቀስ ብሎ ይጎብጣል።

እዚህ ላይ አዳማ ትረዳዎታለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ክፍሉን የማቅለጥ አደጋው ያነሰ ነው። ቢሆንም እየፈላ ያለ ውሃ ውስጥ አይክተቱት። ከእሳት ያወረዱትን ውሃ ጥቂት ያብርዱ፣ የጠመመውን ክፍል በወረንጦ ይዘው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይንከሩ፣ አውጥተው በጣትዎ ያቅኑ፣ እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። በአንድ ጊዜ ለማቅናት አይሞክሩ፤ ጥቂት በጥቂት ይሻላል።

የመገጣጠሚያው መስመር ቀለም ቢቀባም ይታያል

ሁለቱ የቀፎ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ነው፤ ቀለም አይሸፍነውም፣ እንዲያውም ያጎላዋል። የመኪና ስቱኮ በስሱ ይቀቡ፣ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሹ፣ ይድገሙ። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ስቱኮ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሚቸኩል ሰው ሱፐር ግሉ አፍስሶ ቤኪንግ ሶዳ ቢነሰንስበት ወዲያው ይጠነክራል፤ ያን ግን በዚያው ቀን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ያስፈልጋል፣ ካደረ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይጠጥራል። መስመሩ የት እንደቀረ ለማወቅ ጣትዎን አይመኑ፤ የብር ቀለም በስሱ ይቀቡበት፣ ጉድለቱን ሁሉ ያጋልጠዋል።

ቀለሙ አቧራ ይዟል፣ ወፍሯል፣ የብሩሽ መስመር ይታይበታል

በኮረብታዎቿ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ውስጥ በተከፈተ በረንዳ ላይ ቀለም መቀባት ከአቧራ ጋር መጣላት ነው። ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ወለሉ በውሃ ተረጭቶ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀቡ፤ እንዳለቀ ሞዴሉ ላይ ንጹህ ካርቶን ይድፉበት። ውሃ ወለድ አክሪሊክ በደረቅ አየር ብሩሹ ላይ እንዳለ መድረቅ ይጀምራል፤ የብሩሽ መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። በጥቂት ውሃ ያቅጥኑት፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቢጨምሩበት ደግሞ መድረቁን ያዘገየዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ሁለትና ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል፤ በመካከሉ ግን በደንብ ይድረቅ።

የተበላሸው ቀለም እንዲነሳ ከፈለጉ አክሪሊኩን አልኮል ያለቅቀዋል። የዘይት ቀለም ከሆነ በግላይኮል የተሠራው የተለመደው የፍሬን ዘይት ይሠራል፦ ክፍሉን ለጥቂት ሰዓታት ይንከሩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ በሳሙና ደጋግመው ይጠቡ። ጓንት ያድርጉ፣ በትርፍ ክፈፍ ላይ አስቀድመው ይሞክሩ፣ መስታወቱን አይንከሩ፣ የተጠቀሙበትን ዘይት ወደ ቦይ አይድፉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንንና ቲነርን ግን ለዚህ ሥራ አያስቡ፤ ከቀለሙ ጋር ሞዴሉንም ይወስዱታል።

ተለጣፊ ምስሎቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ወይም ውሃ ሲነካቸው ይበታተናሉ

ሞዴሉ ዓመታት ከቆየ ቀድመው የሚያረጁት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የማያስፈልግዎትን አንድ ትንሽ ምስል ቆርጠው ለብ ባለ ውሃ ይሞክሩ። ሳይሰበር ከወረቀቱ ከተንሸራተተ ደህና ነዎት። ከተበታተነ የቀሩትን ከነወረቀታቸው በግልጽ ቫርኒሽ በስሱ ይሸፍኑ፤ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሹ ሁሉንም አንድ ላይ ስላያያዛቸው እያንዳንዱን ጠርዝ ጠርዙን ተከትለው ለብቻው ይቁረጡ።

ቢጫነቱን የሚያነጣው ፀሐይ ነው፤ እሱ ደግሞ አዳማ ላይ አይጠፋም። ወረቀቱን እርጥበት በማያስገባ ግልጽ ላስቲክ ከተው፣ ምስሉን ወደ ውጭ አድርገው፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ይለጥፉት። ቀን ቀን እያዩት ይቆይ፤ ምስሉ ራሱ መደብዘዝ ከጀመረ ያውርዱት።

ከተለጠፉ በኋላ ከሥራቸው ብርማ ነጸብራቅ የሚታይ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው። ድብዝዝ ቀለም ሻካራ ነውና ምስሉ በደንብ አይተኛበትም። ሞዴሉን መጀመሪያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀቡ፣ ከዚያ ይለጥፉ፣ በመጨረሻ ድብዝዝ ቫርኒሽ ይመልሱበት። ነጭ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥነው በብሩሽ ቢያስነኩት ምስሉ ለስለስ ብሎ ጉብታና ጎድጓዳውን ይከተላል። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበውን 787 ድሪምላይነር እየሠሩ ከሆነና በሳጥኑ ያለው የሌላ አየር መንገድ ምልክት ከሆነ፣ የጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በወረቀት ፕላስተር እየከለሉ በብሩሽ መቀባት ይቻላል። ቢጫውን በነጭ ላይ ያስቀድሙ፤ ቢጫ ሌላውን ቀለም አይሸፍንም።

ምንም አልጎደለም፣ ግን እጄ አይሄድም

ይህም ምክንያት አለው። አንዳንዴ ቀጣዩ ሥራ አሰልቺ ነው፤ በ1 ለ 35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) ያለ ታንክ ሰንሰለት አንድ በአንድ መገጣጠም ማንንም ያስመርራል። እሱን ሬዲዮ እየሰሙ በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት ያውርዱት። አንዳንዴ ደግሞ ሲያልቅ የሚቀመጥበት ቦታ አልታሰበም። የሲ-47 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነው፤ በ1 ለ 72 ሲሆን 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ድሪምላይነሩም በ1 ለ 144 ርዝመቱ ወደዚያው ነው። መደርደሪያውን መጀመሪያ ይለኩ።

ብዙ የቆሙ ሳጥኖች ካሉዎት በጣም የሚወዱትን አይምረጡ፤ ለመጠናቀቅ የቀረበውን ይምረጡ። ከመካከላቸው መዳን የማይገባውም አለ። ቀፎው በቲነር የቀለጠውን ለመለዋወጫ ያድርጉትና ጎማውንና ሞተሩን ለሌላው ይጠቀሙበት፤ ወይም ለሰፈር ልጅ ይስጡት፤ እሱ እንዴት እንደሚጨርሰው ያውቃል።

አለቀ፣ ግን በጅራቱ ይቀመጣል

የፊት ጎማ ያለው አውሮፕላን አፍንጫው ውስጥ ክብደት ካልገባ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ መመሪያው ስንት ግራም እንደሚያስፈልግ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ይጽፋል፣ ሰውም ያልፈዋል። ቀፎው ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ያወቁት በፊት ጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ቀዳዳ ይክፈቱ፣ ከጋራዥ የሚገኙ ትናንሽ የኩሽኔታ ኳሶችን በኮላ እያራሱ ያስገቡ፣ አፍንጫውን ወደ ታች አድርገው ያሳድሩት። ሲ-47 ከዚህ ነፃ ነው፤ ሲሠራም በጅራቱ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው።