የፖንትዩ ገዢዎች የዘር ሐረግ ሳይምታታባችሁ ለመከተል

የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት ስም ከተምታታባችሁ ከትልልቅ ነገሥታት አትጀምሩ። አንዲት ትንሽ ግዛት ያዙ። እኔ ፖንትዩን እመርጣለሁ። ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ፣ የሶም ወንዝ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ያለች፣ በኮንት (በመስፍን ማዕረግ ባለ ገዢ) የምትገዛ አገር ነበረች፤ ዋና ከተማዋ አብቪል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰፊ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጁ። እስክሪብቶ ይቅር፣ መሰረዛችሁ አይቀርም።

ከላይ ጊ 1ኛን ጻፉ፤ ከ1053 እስከ 1100 ገዛ። በ1064 ገደማ እንግሊዛዊውን ሃሮልድን ባሕር ዳር ላይ ይዞ ያሰረው እሱ ነው። ይህ በባዮ ጥልፍ (የኖርማኖችን እንግሊዝን መውረር በሥዕል በሚተርከው ረጅም የመካከለኛው ዘመን ጥልፍ) ላይ ይታያል፤ ግን እዚያ ስሙ በላቲን «ዊዶ» ተብሎ ነው የተጠለፈው። ስለዚህ ከየስሙ ሥር ሌላውን መጠሪያ ጨምሩ። ጊዮም ለእንግሊዞቹ ዊልያም ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ ወንዱም ዣን፣ ሴቷም ዣን ስለሆኑ «ሴት» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። የሞቱበትን ዓመት ሁልጊዜ ጻፉ፣ ከተራ ቁጥር ይልቅ እሱ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ዋናው ነገር፦ የሴቶቹን መስመር አድምቁ። ብዙ ሰው ወንድ ወንዱን ብቻ ቆጥሮ መሀል ላይ ይጠፋበታል፣ ግዛቷ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሻገረችው በሴቶች ነው። የጊ ልጅ አኜስ የቤሌሙን ሮቤርን አገባች፣ ልጃቸው ጊዮም ታልቫስ ወረሰ። ከእሱ ጊ 2ኛ፣ ከዚያ በ1191 በመስቀል ጦርነት አክ (የፍልስጤም ባሕር ዳር ከተማ) ላይ የሞተው ዣን፣ ከዚያ በ1221 የሞተው ጊዮም።

የጊዮም ልጅ ማሪ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ባሏ ሲሞን ደ ዳማርታን በ1214 በቡቪን ጦርነት ላይ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ጠላቶች ጋር ተሰልፎ ስለተዋጋ ስደተኛ ሆኗል። አባቷ ሲሞት ንጉሡ በባሏ ጥፋት ርስቷን ያዘባት። ባሏ በስደት እያለ እሷ ተደራድራ በ1225 አብዛኛውን አስመለሰች። እኔ ከሁሉም የማደንቀው እሷን ነው። ከ1221 እስከ 1225 ያለውን የአራቱን ዓመት ቦታ ባዶ ተዉት።

ልጇ ዣን (ሴት) በ1237 የካስቲሉን (የዛሬዋ ስፔን ክፍል) ንጉሥ ፈርናንዶ 3ኛን አገባች። የእነሱ ልጅ ሌኦኖር በ1254 የእንግሊዙን ልዑል፣ ኋላ ኤድዋርድ 1ኛ የሆነውን፣ አገባች፣ እናቷ በ1279 ስትሞትም ፖንትዩን ወረሰች። እሷም በ1290 ስትሞት ለልጇ ለኤድዋርድ 2ኛ ተላለፈ።

እርሳሳችሁን አንድ ትውልድ ዝቅ አድርጉና «ክሬሲ፣ 1346» ብላችሁ ጻፉ። ኤድዋርድ 3ኛ ፈረንሳዮቹን ያሸነፈበት ያ ሜዳ ፖንትዩ ውስጥ ነው፤ የሴት አያቱ የሌኦኖር ርስት።