ሠንጠረዡን ስክሪን ሪደር እንዲያነበው ያስተካከልኩበት መንገድ

በወርድ የተሠራ የደመወዝ ሠንጠረዥ ነው። ማየት የተሳነው ባልደረባችን በኤንቪዲኤ (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር) ሲከፍተው «4500፣ 315» እያለ ቁጥር ብቻ ይደረድርለታል። የቱ ደመወዝ፣ የቱ ጡረታ እንደሆነ ማን ይንገረው?

የርዕሱ ረድፍ ደምቆ ቀለም ተቀብቷል እንጂ ርዕስ ተብሎ አልተመዘገበም። ረድፉን መርጬ፣ ቴብል ሌይአውት ውስጥ «ሪፒት ሄደር ሮውስ»ን ተጫንኩ። ይቺ ቀላሏ ናት።

ያስቸገሩኝ የተዋሃዱት ሴሎች ናቸው። «ተቀናሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ሁለት ዓምድ ላይ ተንሰራፍቷል። ለያይቼ ለእያንዳንዱ ዓምድ ሙሉ ስም ሰጠሁ፦ «የገቢ ግብር ተቀናሽ»፣ «የጡረታ ተቀናሽ»። ለማሳመር የገቡትን ባዶ ረድፎችም ጠራረግኩ።

ፒዲኤፍ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ በፕሪንት በኩል ከወጣ ታጉ፣ ማለትም የቱ ርዕስ የቱ ሴል እንደሆነ ለስክሪን ሪደሩ የሚጠቁመው ስውር ምልክት፣ ይጠፋል። ሴቭ አዝ ገብቶ ኦፕሽንስ ውስጥ የሰነድ መዋቅር ታግን ማብራት ነው። አሁን ኮንትሮል፣ ኦልትና የቀኝ ቀስት ሲጫን «የጡረታ ተቀናሽ፣ 315» ይለዋል።