ለቤት አኳሪየም የአርኦ ማጣሪያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሃውን ሳይለኩ መግዛት

አርኦ ውሃውን ሜምብሬን በሚባል በጣም ረቂቅ ወንፊት በግፊት እያሳለፈ ማዕድኑን የሚለይ ማጣሪያ ነው። ከማጣሪያው በፊት ግን የሚገዛው የቲዲኤስ መለኪያ ነው። እስክሪብቶ የሚያህል በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ሲሆን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በፒፒኤም (በሊትር ስንት ሚሊግራም ገደማ እንዳለ) ያሳያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች ወይም ከግቢ ጉድጓድ የሚወጣው ግን ማዕድን ይበዛበታል። ምንጩ የሚፈራረቅባቸው ሰፈሮች ስላሉ በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ይለኩ። ጉፒ፣ ሞሊ ወይም የማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ የሚያረባ ሰው ጠንካራ ውሃ አያስቸግረውም፤ ሞሊና ሲክሊድ እንዲያውም ይስማማቸዋል። አርኦ የሚያስፈልገው ዲስከስ፣ ካርዲናል ቴትራ፣ ክሪስታል ሽሪምፕ ወይም የባሕር ውሃ አኳሪየም ላለው ነው። ማንቆርቆሪያዎ ነጭ ቅርፊት የማያበጅ ከሆነና የያዙት ጉፒ ከሆነ ብርዎን ይቆጥቡ።

በሮቶ ግፊት መተማመን

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ በኮዬ ፈጬም ቢሆን፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ቧንቧው የሚጠጣው ከሮቶ ነው። ሜምብሬን ደግሞ ካልተገፋ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መጠን የሚገኘው ከ3.5 እስከ 4 ባር ግፊትና 25 ዲግሪ ሙቀት ሲኖር ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ስለሆነ፣ 4 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሮቶ 0.4 ባር ገደማ ይሰጣል። በዚህ ግፊት ንጹሑ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ማዕድኑም በደንብ አይለይም፣ የቀረው ሁሉ በፍሳሽ ቱቦው ይሄዳል።

ስለዚህ ፓምፕ የተገጠመለትን ይምረጡ፤ ብዙዎቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሲገዙ ሁለት ስዊች መኖሩን ዓይንዎ እያየ ያረጋግጡ። አንደኛው ከመግቢያው ወገን ያለው ሲሆን ሮቶው ሲደርቅ ፓምፑን ያጠፋል፤ ሌላው መውጫው ሲዘጋ ያቆመዋል። የመጀመሪያው ከሌለ ፓምፑ ሌሊቱን ባዶውን ሲዞር አድሮ ይቃጠላል።

ብርዱንም አይርሱት። ውሃው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በቀን 75 ጋሎን ወይም 284 ሊትር የተባለለት ሜምብሬን፣ ጥሩ ፓምፕ ኖሮትም ቢሆን፣ 15 ዲግሪ ባለው ውሃ ወደ 210 ሊትር ይወርዳል።

የመጠጥ ማጣሪያ እንዳለ መውሰድ

ስድስትና ሰባት ደረጃ ያለው የኩሽና ማጣሪያ መጨረሻው ላይ ማዕድን የሚመልስ ካርትሪጅ አለው። ለዓሳ ከሆነ ያወጡትን መልሶ መክተት ነው። ቀድሞ የተገዛ ካለ ቱቦውን ከሜምብሬኑ መውጫ በቀጥታ ይሳቡ፣ የብረት ጋኑንም ይዝለሉት፤ ጋኑ ሲሞላ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የማጣራት አቅሙን ያሳንሳል። ለጨው አልባ አኳሪየም የ5 ማይክሮን የደለል ካርትሪጅ፣ የካርቦን ብሎክና ሜምብሬን ይበቃሉ። ለባሕር ውሃ የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ ዲአይ ሬዚን ይጨመራል። መያዣዎቹ መደበኛው 10 ኢንች ይሁኑ፣ ያለዚያ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ካርቦኑን ማዘግየት በተለይ አደጋ አለው፦ ክሎሪን ካለፈ ሜምብሬኑን ይበላዋል፣ ተመልሶም አይጠገንም። በ6 ወር ይቀይሩት። የደለሉ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሰፈር ውስጥ መስመር ተቆፍሮ ቀይ አፈር ከገባ በሳምንትም ሊደፈን ይችላል።

ፍሳሹን አለማስላት

1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ሊትር ይፈሳል። 40 ሊትር ለመቀየር እስከ 160 ሊትር ማለት ነው፤ ፈረቃ ላለበት ቤት ቀላል አይደለም። ውሃ ለመቆጠብ ብሎ የፍሳሹን ቱቦ ማጥበብ ወይም መዝጋት ግን ሜምብሬኑን በኖራ ማነቅ ነው። ቱቦው ላይ ያለችው ትንሽ ማጥበቢያ ከሜምብሬኑ መጠን ጋር የምትመጣጠን መሆን አለባት፤ የ75 ጋሎኑን ሜምብሬን በ100 ጋሎን ከቀየሩ እሷንም ይቀይሩ። ፍሳሹ ከገባው ውሃ ከሩብ እስከ ሲሶ ብቻ የበለጠ ማዕድን ስላለው በርሜል አስቀምጠው ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ይጠቀሙበት።

የተጣራውን ብቻ መጨመር

አርኦ ውሃ ፒኤችን (የአሲድነቱን ልክ) የሚያረጋጋ ምንም ነገር የለውም። ብቻውን ከገባ ፒኤች በድንገት ወርዶ ዓሳው ያልቃል። የቧንቧዎ ኬኤች (ፒኤችን የሚያረጋጋው ካርቦኔት ልክ) 12 ሆኖ 4 ከፈለጉ፣ ለአንድ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ሁለት ጀሪካን አርኦ ይቀላቅሉ። ወይም በ50 ሊትር አርኦ 6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያሟሙ፣ ኬኤች በ4 ይጨምራል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ከሶዳ አይገኝም፤ ሽሪምፕ ያለው ሰው ለዚያ የተዘጋጀ ጨው ይግዛ።

ከገጠሙ በኋላ መለካት መተው

የአዲስ ሜምብሬን የመጀመሪያ ሰዓት ውሃ ይደፋል፣ የማቆያ ኬሚካል አለበትና። ከዚያም በኋላ በከፈቱ ቁጥር የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ያፍስሱ። የገባው 400 ፒፒኤም ከሆነ የወጣው 20 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። 40 ሲደርስ መጀመሪያ የፓምፑን ግፊት ይፈትሹ፤ ግፊቱ ደህና ከሆነ ሜምብሬኑን ይቀይሩ።