ውሻውን ፈልጉት

ተማሪዎችን ክላሲካል ሙዚቃ ማስደመጥ የምትፈልጉ መምህራን፣ የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» ከዳር እስከ ዳር አትክፈቱ፤ 40 ደቂቃ ግድም ስለሚፈጅ ተማሪው ያንቀላፋል። ከ«ጸደይ» ዝግ ያለውን ሁለተኛ ክፍል ብቻ ምረጡ። ርዕሱን ሳትናገሩ አሰሙና «ምን ይደጋገማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሥር ሁለት ሁለት ጊዜ ጎላ ብሎ የሚሰማው ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለና ድምፁ ወፈር ያለ መሣሪያ) የሚጮኽ ውሻ ነው፤ ብቸኛው ቫዮሊን የተኛ የፍየል እረኛ፣ የቀሩት ቫዮሊኖች የቅጠል ሹክሹክታ። የኔ ግምት እንዳይመስላችሁ፤ በ1725 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የታተመው ኖታ ራሱ ከነግጥሙ ይናገራል። በሁለተኛው ዙር ውሻውን ሲሰሙ እጅ ያውጡ።

በሌላ ቀን የ«ክረምት»ን ሁለተኛ ክፍል ሞክሩ፦ ቫዮሊኖቹ በቀስት ሳይሆን በጣት እየተነኩ ዝናቡን ያንጠባጥባሉ፤ አንድ ሰው ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጧል። አጭር ስለሆነች ደጋግማችሁ ብታሰሙም አትሰለችም።